ጣውንቴን ያከረምኩበት ብርድ

ኖቬምበር 23፣ 1996 ቅዳሜ ጠዋት

አስነሳኋት። የጋራዡን በር ከፈትኩ፤ አምስት ደቂቃ ያህል አጉረመረመች፤ አጠፋኋት። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ሁለቴ በሳሙና ታጥቤም አልለቀቀኝም። አንቺንም ቤንዚን እያስሸተትኩሽ ነው የምጽፍብሽ፤ ቻይው።

ቤ/ክ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ብሎ የሰጠኝ ደብተር ነበርሽ። ለጥናቱ ሌላ ገዝቻለሁ። አንቺ ለኔ ሁኚ።

ነገሩን አንዴ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ጌታቸው ባሌ ነው (ከዚህ በኋላ ጌ. እለዋለሁ፤ እጄ ይደክማል)። በዚህ ወር መጀመሪያ ደረቱን ከፍተው ልቡን ሠሩት። ከግራ እግሩ ደም ሥር ወስደው ልቡ ላይ ሰፉለት። ልቡ ደህና ነው ይላሉ። ግራ እግሩ ግን ከዚያ ወዲህ ደንዝዟል፤ መርገጡ አይታወቀውም። ዶ/ሩን ስጠይቀው ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ። ይህንን ለማለት ስንት ዓመት ተማረ?

ያስነሳኋት ደግሞ የሱ መኪና ናት። ቢጫ የስፖርት መኪና፤ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ጌ. ግሬፕቫይን ከተማ ካለ ሆቴል ወደ ኤርፖርት እንግዳ ያመላልሳል፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው ይነዳል። ይቺን ግን ለራሱ ነው። ተጋጭታ የተጣለች ነበረች፤ እዚሁ ዳላስ ዳር፣ ሜስኪት ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ዓመታት ፈጅቶ ነፍስ ዘራባት። እሱ «ልጅት» ይላታል። እኔ ጣውንቴ እላታለሁ። እሁድ ከቤ/ክ ስንመለስ ይዟት ይወጣል፤ አንዳንዴም እኔን ጭምር።

የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ስለሷ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድሮ ሳይተኛ በፊት ሄዶ ያያት የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ እኔ በየጠዋቱ፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ አሞቃታለሁ። ብርድ ላይ የቆመች መኪና ትሞታለች ይላሉ። ተነስቶ ሞታ እንዲያገኛት አልፈልግም።

ኖቬምበር 28 ታንክስጊቪንግ

በዓል ነው፤ ቤቱ ጢም ብሎ ዋለ። የቤ/ክ ሰዎች ሊጠይቁት መጡ። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ጌታ ይፈውስህ፤ አሜን። እንዴት አደረክ፤ ደህና።  የሚያወሩት አልቆ ሁሉም ጉልበቱን ያሻል።

ወንድም ተፈራ (የጸሎት ቡድናችን መሪ፣ ታክሲ ነጂ) ድንገት ተነሳ። ልጅትስ፣ ስታርት ትደረጋለች? አለኝ። ጠዋት ጠዋት አልኩት። «ታዲያ አንዴ እኔም ላሙቅለት» ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። በየተራ እየገቡ አስነሱ፣ አጠፉ፣ አስነሱ። ሲመለሱ ፊታቸው ሁሉ በርቷል። እህት አስቴርም ሄዳ ኮፈኑ ላይ እጇን ጭና ጸለየችላት። ልስቅ ብዬ አሜን አልኩ።

ጌ. ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እሱም እየጸለየ መሰለኝ።

ዲሴምበር 8 እሁድ

ብርዱ መጣ። አንድ ወንድም በደግነት ትልቅ ላስቲክ አምጥቶ መኪናዋን አልብሷት ነበር። ዛሬ ብገልጠው ስሩ በላብ ርሷል። አውልቄ ጣልኩትና የጌ.ን ጋቢ ከነአንሶላው ደረብኩላት። እሷ ጋቢ ለብሳ እኔ በስስ ሹራብ እንቀጠቀጣለሁ። ጣውንት ማለት ይሄ ነው።

ስሚ፤ ማታ ጌ. ስለሷ ተናገረ። ደስ ያሰኘኝ እንዳይመስልሽ። ሾርባውን እየጠጣ፣ ቀና ሳይል፣ መኪናዋ ትሸጥ አለ። ለምን አልኩት። ምን ታደርጋለች ቆማ አለ። ሾርባው ጨው በዝቶበታል ወይ ብዬ ወሬ ለወጥኩ። ምን ልበለው? እሷን ከተዋት ሁሉንም የተወ ነው የሚመስለኝ፤ እኔንም ጭምር። ጽፌዋለሁ፤ አንቺ ብቻ እወቂው።

ዲሴምበር 20

ወ/ም ተፈራ ተራ አወጣ። ሰኞ የሱ፣ ማክሰኞ የእ/ት አስቴር ባል፣ ሌላው የሌላው። እየመጡ ያሞቋታል። ጠዋት ደግሞ የኔ አለ። ሰዉ ደግ ነው፤ ከሥራ ደክሞት፣ ፋርመርስ ብራንች ካለ መጋዘን እዚህ ድረስ መንገድ አቋርጦ የሚመጣ አለ። ቢያንስ እሷን እንዳይበርዳት ይላሉ። ጌ. ይሰማል፤ ምንም አይልም።

ለእግሩ ከሆስፒታል የላስቲክ ገመድ ሰጥተውታል። እግሩ ላይ አጥልቆ እየገፋ እንዲያሠራው ነው። ወንበሩ እጀታ ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል። ዛሬ ተቆጣሁት። እግሬ ነው፣ ያንቺ አይደለም አለኝ። ሻወር ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ጀርባውን አሸሁለት። ሁለታችንም ይቅርታ አልጠያየቅንም፤ ግን ቀለል አለን።

ጃንዋሪ 7 ገና

እንኳን አደረሰሽ። ችግር አለ። ዛሬ ጠዋት ሳስነሳት ሳለች። እንደ ሰው ነው የሳለችው። ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ወጣ። ጠፋች። እንደገና ሞከርኩ፤ በግድ ተነሳች፤ ተንቀጠቀጠች።

ለማንም አልተናገርኩም። ብርጭቆ ሰብራ ስብርባሪውን እንደደበቀች ልጅ ሆኜ ዋልኩ። እንግዶቹ ሲያስነሷት ዛሬ ምን ነካት ተባባሉ። እ/ት አስቴር ትንሽ ዘለግ ያለ ጸሎት አደረሰችላት።

ጃንዋሪ 12 እሁድ

በረዶ። ማለቴ ጥጥ የመሰለው በረዶ አይደለም፤ መስታወት የሚመስለው። መንገዱ፣ ዛፉ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር በመስታወት ተለብጧል። ቤ/ክ ዝግ። ሥራ ዝግ። ጠያቂ የለም። ዳላስ በሙሉ ቤቷ ተቀምጣለች።

ቁልፉን አዞርኩ። አቃሰተች፤ አልተነሳችም። ደገምኩ። ቤንዚን ረገጥኩ። ሽታው አፈነኝ። መሪው ላይ ግንባሬን አስደግፌ ምን እንደምላት እንጃ፣ እባክሽ እላታለሁ። ጣውንቴን እባክሽ!

ከኋላዬ በር ተከፈተ። ጌ. ነው። ሲያስለው ቁስሉን እንዲደግፍበት ሆስፒታል የሰጡትን ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ። ማንም ሳይደግፈው እስከዚያ ድረስ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ተያት አለኝ። ቤንዚን በዝቶባታል፣ ተያት።

ባትሪ አብሪ አለኝ፤ አበራሁ። የዘይቱን ክዳን ክፈቺ አለኝ፤ ከፈትኩ። ክዳኑ ስር እርጎ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። እሱን አይቶ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታስነሷት አለኝ። እኔ ጠዋት ትንሽ፣ ተፈራ ማታ ትንሽ፣ የአስቴር ባል፣ እንትና፣ እንትና... ስዘረዝርለት አየሁት፤ ትከሻው ይርገፈገፋል። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው። ትራሱን ደረቱ ላይ ጭምቅ አድርጎ፣ እያመመው፣ ይስቃል። ከኦክቶበር ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሞተር ተነስቶ በደንብ ሳይግል ሲጠፋ ውስጡ ያልባል። ላቡ መውጫ የለውም፤ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎች በቤንዚን ይርሳሉ። ባትሪው ይሰጣል እንጂ አይሞላም። ጭራሽ ባትነኳት ይሻላት ነበር አለኝ። ጉባኤው በሙሉ ሊጠይቃት እየመጣ ሲያሳምማት ነው የከረመው።

ታዲያ ስትሰማን ለምን ዝም አልክ አልኩት።  ይሉኝታ ይዞት ነው። ለኔ ብሎ የመጣን ሰው እንዴት አትንካ እለዋለሁ? አለ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ሲቸግራቸው ያያል። ጋራዥ ደርሰው ሲመለሱ ደግሞ አንድ ነገር አድርገውለት እንደመጡ ቀና ይላሉ። ታዲያ ለሷ አላሰበም ወይ? አስቧል፤ ግን ትሸጣለች ብሎ ቆርጦ ነበር።

ከዚያ ያለኝን ልጻፈው፤ እንዳልረሳው። በሞተሩ ድምፅ ብቻ ማን እንዳስነሳት ያውቅ ነበር። ከንፈሩ የሚንቀሳቀሰው ስማቸውን እየጠራ ነው። ተፈራ ታክሲ እንደሚነዳ ይረግጣል። የአስቴር ባል ፈሪ ነው፤ ሳትነሳ ይለቃታል። አንቺ ግን አለኝ፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል እንደሚገባ ሰው ነው የምትነኪያት። ጠዋት ጠዋት ያንቺን እየጠበቅኩ ነበር የምነቃው አለኝ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌላ ምን ልበልሽ።

ጃንዋሪ 18 ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ጋራዥ። እሱ በላስቲክ ወንበር፣ ትራሱን አቅፎ። ከወተት ጆግ የከበደ ነገር ማንሳት ክልክል ነው። ስለዚህ እጁ እኔ ነኝ። ዘይቱን አወረድኩ፤ ዘይት አይመስልም። ካንዴላዎቹን ፈታኋቸው፤ ኩል ነው የመሰሉት። ወደ ግራ ስለኝ ወደ ቀኝ አዞርኩና ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩበት። ሻይ ጠጣን። እንደገና ገባን።

አዲስ ዘይት፣ አዲስ ካንዴላ። አስነሳኋት። በሩን ወለል አድርገን ከፍተን፣ በደንብ እስክትግል፣ ማራገቢያዋ ራሱ እስኪነሳ ጠበቅናት። ምን ያለ ድምፅ አላት መሰለሽ። ከዚያ አጠፋናትና ለማክረም አሰናዳናት። ቤንዚን በጄሪካን አምጥቼ እስከ አፏ ሞላሁ፤ ቤንዚኑ እንዳያረጅ የሚጨመር ፈሳሽ አለ፣ እሱን ጨመርኩ። ባትሪዋ ቀን ከሌሊት ትንሽ ቻርጀር ላይ። ጎማዎቿ ጠንከር ብለው ተነፉ። የእጅ ፍሬን አይያዝም አለ፤ ቆይቶ ይጣበቃል። ጎማዋ ስር እንጨት ሸጎጥኩ። አይጥ እንዳይገባ የማርሚታዋን አፍ በብረት መፈተጊያ ደፈንኩ። በመጨረሻ ጋቢዋን።

እሱን አየሁት፤ ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል። ጥፍሬን ደግሞ እይው፣ የመካኒክ ነው። ነገ አምልኮ ላይ እጄን እንዴት አነሳለሁ?

ጃንዋሪ 26 እሁድ

አሁን ደግሞ ይሉኝታው የኔ ሆነ። ለወ/ም ተፈራ ምን ልበለው? አበላሻችኋት ልበል? ሲመጡ ሳያቸው ወደ ኩሽና ሸሸሁ።

ጌ. ብልህ ነው። ለጊዜው ዶክተሯ ሞተር ከልክሏታል አላቸው። ግን አለ፣ ግን ኤክሰርሳይዝ ያስፈልጋታል። አንድ ቦታ ከቆመች ጎማዋ በቆመችበት በኩል ይጠፈጠፋል፤ የሚገፋት ሰው ጠፋ። ሁሉም እጅጌውን ሰበሰበ። እንጨቱን አንስተን፣ ጌ. ራሱ መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ወንዶቹ መዝሙር እየዘመሩ እስከ ደጁ ገፏት፣ መልሰው አስገቧት። ጎረቤታችን አሜሪካዊቷ ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ቆማ ቀረች።

ወ/ም ተፈራ ሲሄድ ማታ ማታ እንመጣለን አለ። ጌ. በሳምንት አንዴ ይበቃታል ሲለው ቅር አለው። በቀረው ጊዜ ዝም ብለህ ና፣ ቡና ጠጣ አለው። ጉልበት ማሸቱም ቀረ፤ ስለ ጎማ ያወራሉ።

ማታ ቴሌቪዥን እያየን የላስቲኩን ገመድ ራሱ አነሳና እግሩ ላይ አጠለቀው። አላየሁም ብዬ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩም።

ፌብሩዋሪ 16 እሁድ

በጋ መሰለ። እዚህ አገር ብርዱም ሙቀቱም ሳይሰናበት ነው የሚሄደው። ጌ. በትር ብቻ ይዞ ይሄዳል። ከቤ/ክ ስንመለስ ልሞክራት አለ፤ እንጨቱንና የማርሚታዋን ድፍን አነሳሁለት።

አስነሳት። እንደ ማር። ግራ እግሩን ፍሪሲዮን መርገጫው ላይ አስቀመጠ። እያየ ነው ያስቀመጠው፤ በዓይኑ ካላየ የት እንዳለ አይነግረውም። ወደ ታች ገፋ፣ ማርሽ አስገባ፣ ሊለቅ ሲል እግሩ ተንሸራተተ። ዘላ ጋራዡ ውስጥ ያለውን ፍሪጅ ገጨችና ጠፋች። ፍሪጁ ደህና ነው። እሷም ጫር ነው ያላት።

እሱ ግን ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቀረ። አልጠራሁትም። በኋላ ገባ፣ ስልክ አነሳ። ፋርመርስ ብራንች የሚኖር አንድ አሜሪካዊ ድሮ ሽጥልኝ ብሎ ይለምነው ነበር፤ እሱ ጋ ኮል አደረገ። ማርች መጀመሪያ ቅዳሜ ይመጣል።

የላስቲኩ ገመድ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተሰቀለ።

ፌብሩዋሪ 18

ተጣላን። ደህና አድርገን ተጣላን። ይሄን ሁሉ የለፋሁት ለማን ነው አልኩት። ለፋርመርስ ብራንቹ ሰውዬ ነው? ዶ/ሩ እኮ እግሩ አይመለስም አላለም አልኩ። ተስፋ ቆርጠሃል አልኩ። ብዙ አልኩ።

እስክጨርስ ጠብቆ አንድ ነገር ተናገረ። «እኔ ብሄድ ማን ያስነሳታል? ጋራዥ ሙሉ ሬሳ ትቼልሽ ልሂድ?»

ለካ ይሄ ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ሲያስብ የነበረው ይሄ ነው። እኔ ሕይወት አስጠልቶት ዝም ያለ መስሎኛል፤ እሱ በየጠዋቱ ከመኪናው ጋ የምታገለውን ሰምቶ፣ እሱ በሌለበት ቤት ውስጥ እኔና እሷን ብቻችንን እያየን ነበር። የኔን ቤት ሊያጸዳ ነው መሸጥ የፈለገው።

 እራት አቀረብኩ። አልበላሁም።

ፌብሩዋሪ 23 እሁድ

የቤ/ክ ጫማዬን አውልቄ ሹፌሩ ወንበር ላይ ገባሁ። ቁልፍ አልነካሁም። ፍሪሲዮኑን በግራ እግሬ ረገጥኩት። ይከብዳል! የኔ መኪና ኦቶማቲክ ናት፤ ግራ እግሬ ሥራ የለውም፤ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ተቀምጦ ይበላል። ደግሜ ረገጥኩት።

ጌ. መጣ። ምን ታደርጊያለሽ አላለም። በቀኝ በኩል ከፍቶ ገባ፤ በትሩን ከኋላ ጣለ። ግራ እጁን የማርሹ ዘንግ ላይ አሳረፈ። ግራ እጁ ጤነኛ ነው። ርገጪ አለኝ፤ ረገጥኩ፤ እሱ አንደኛ አስገባ። ልቀቂ አለኝ፤ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ርገጪ፤ ሁለተኛ። ሞተር ጠፍቶ፣ ከፍሪጁ ፊት ለፊት ቆመን፣ አገር ለአገር ነዳን። በኋላ ቃሉም ቀረ። እግሬ ሲወርድ እጁ ይሄዳል።

ፌብሩዋሪ 27

ከሥራ ስመለስ ገና ፀሐይ አለ። ሞተር አስነስተን ሰፈሩን ዞርን። እስቶፕ ምልክቱ ላይ ጠፋችብኝ። እንደገና ጠፋች። ከኋላ አንዱ ክላክስ ያደርጋል፤ ጌ. በመስኮት እጁን አውጥቶ ይቅርታ ይለዋል። ሁለተኛ ላይ ስንደርስ ለቀቅ አለች። ሦስተኛ ማርሽ ምን እንደሚመስል አየሁ። አሁን ገባኝ ለምን እንደሚወዳት። ጣውንቴ ቆንጆ ናት፤ ይሄው በጽሑፍ ሰጠሁሽ።

ቅዳሜ ሰውዬው ይመጣል።  እኔም አላነሳሁ፣ እሱም አላነሳ።

ማርች 1 ቅዳሜ ጠዋት

ስልክ ጮኸ። ሰውዬው ነው፤ ከቤት ልወጣ ነው ይላል። ጌ. አንድ አፍታ አዳመጠው። ከዚያ ስልኩን ለኔ አቀበለኝ። ዓይኑ ግን ይጠይቀኛል።

በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ይቅርታ አልኩት፤ አትሸጥም። ባልሽ መንዳት አልችልም ብሎኝ አልነበረም ወይ አለ። አዎ አልኩት። ታዲያ ማን ነው የሚነዳት? ሁለት ነን አልኩትና ዘጋሁት።

ጌ. መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ጀርባው ነው የሚታየኝ። ቆይቶ የጋራዡን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

አሁን ሁሉም ዝግጁ ነው። ጋቢው ታጥፎ አልጋችን ላይ ነው። ቻርጀሩ ተነቅሏል። ማታ ማታ የምደፍነውን የማርሚታዋን አፍ ከፍቻለሁ። እስከ ግሬፕቫይን ነው ሐሳባችን፤ ሆቴሉ ደርሰን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋ ሻይ ልንጠጣ። ሀይዌይ ነው። አምስተኛ ማርሽ ገብቼ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ግን ወስኛለሁ፤ በየሳምንቱ እንወጣለን፤ እግሩ ተመለሰ አልተመለሰ፣ እሷን የሚያስነሳ በዚህ ቤት አይጠፋም።

ክላክስ እያደረገ ነው። ትራሱን ደረቱና ቀበቶው መሀል አድርጎ በቀኝ በኩል ተቀምጧል። እንደገና አደረገ። ይኸው መጣሁ፣ መጣሁ፤ የግራ ጫማዬን ክር ብቻ ላጥብቅና